ዶቅዶቄና የጎሣ ዋስትና በአዋሽ ሸለቆ

በአዋሽ ሸለቆ የፈቃድ ነገር ከሞተርም ከባቡር ሐዲድም በፊት የነበረ፣ እጅግ የቆየ ነገር ነው። በ1868 ዓ.ም. በግብጽ ገዢ አገልግሎት የነበረው ስዊሳዊው ቬርነር ሙንዚንገር የታጠቀ ጭፍራ አስከትሎ፣ የምድሩን ባለቤቶች ሳያስፈቅድ በአፋሮች ምድር በአውሳ በኩል ወደ ሸዋ ሊያልፍ በተነሣ ጊዜ ከጭፍራው ጋር በዚያው ቀረ። በ1926 ዓ.ም. ግን ወጣቱ እንግሊዛዊ ዊልፍሬድ ቴሲጀር የወንዙን መጨረሻ ለማየት ሲወርድ፣ አስቀድሞ ከአውሳው ሱልጣን ከመሐመድ ያዮ ፊት ቀርቦ ይሁንታቸውን ስለ ተቀበለ፣ አዋሽ ወደ ባሕር ሳይደርስ በአቤ ሐይቅ ውስጥ መቅረቱን በዓይኑ አይቶ በደኅና ወደ ታጁራ ጠረፍ ወጣ። ሁለቱም መንገደኞች ደፋሮች ነበሩ፤ የለያያቸው አንዱ ሳይጠይቅ መግባቱ፣ ሌላው ጠይቆ መግባቱ ነው።

በዚያ ሥርዓት መንገደኛ በራሱ ስም ብቻ አይታመንም ነበር። ከባሕር ጠረፍ ጨው፣ ከደጋ እህል ጭኖ የሚመላለሰው ነጋዴ፣ ከእያንዳንዱ ጎሣ ግዛት ሲገባ የዚያው ጎሣ ሰው የሆነ መሪና ጠባቂ ይዞ፣ ቢያጠፋ የሚጠየቅለት፣ ቢበደልም የሚከራከርለት ዋስ አቁሞ ይጓዝ ነበር። ያ ዋስ ብቻውን የቆመ ሰው አልነበረም፤ ከኋላው ጎሣው ሁሉ ነበረ። ዛሬ በሰመራና በአዋሽ ጎዳና ላይ በዶቅዶቄ ሲበርር ስለምናየው ወጣትና ስለ መንጃ ፈቃዱ ለመናገር የፈለገ ሰው ነገሩን ከዚህ ዋስትና መጀመር ይገባዋል ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቱም አዲስ መስሎ የሚታየው የፈቃድ ጥያቄ በዚህ ምድር ከጥንት ጀምሮ መልክ የነበረው ጥያቄ ነውና።

ይህን ሥርዓት መጀመሪያ የዘለለው ባቡር ነው። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለአማካሪያቸው ለአልፍሬድ ኢልግ በሰጡት ውል መሠረት፣ ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀምሮ፣ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደርሶ፣ በገንዘብ እጦትና በመንግሥታት ክርክር ብዙ ዘመን ከተቋረጠ በኋላ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገባው የ784 ኪሎ ሜትር ሐዲድ፣ የአዋሽን ገደል በብረት ድልድይ ተሻግሮ አለፈ። የአዋሽ ከተማ የተወለደችው ከዚህ ሐዲድ ነው። ባቡሩ በሌሊት የማይጓዝበት፣ ከጅቡቲ ተነሥቶ አዲስ አበባ ለመድረስ ሦስት ቀን ይፈጅ በነበረበት ዘመን፣ መንገደኛው አንዱን ሌሊት በድሬዳዋ፣ ሁለተኛውን በአዋሽ ያድር ስለ ነበር፣ ከጣቢያው አጠገብ ያለው ቡፌ መኳንንትና ነጋዴ፣ የውጭ አገር መልእክተኛና ጋዜጠኛ በአንድ ጣራ ሥር የሚያርፉበት ስመ ጥር ማደሪያ ሆነ።

ሐዲዱ በጠረፉ በረሃ ላይ በሚዘረጋበት በዚያው ጊዜ፣ በፈረንሳይ አገር እ.ኤ.አ. በ1899 በወጣ ድንጋጌ በሞተር የሚሄድ ተሽከርካሪ የሚነዳ ሰው ሁሉ ችሎታውን በፈተና አስመስክሮ የምስክር ወረቀት እንዲይዝ ታዝዞ ነበር። ጀርመናዊው ጎትሊብ ዳይምለር ከባልደረባው ከማይባኽ ጋር በሁለት ጎማ ላይ የመጀመሪያውን የቤንዚን ሞተር የተከለው እ.ኤ.አ. በ1885 ስለ ነበር፣ መሣሪያው ከተሠራ አሥራ አራት ዓመት እንኳ በቅጡ ሳይሞላው ሕግ ደረሰለት ማለት ነው። በእኛ አገር እንግሊዛዊው ቤንትሌይ ከጅቡቲ ተነሥቶ፣ ወራት በፈጀ ድካም አዋሽን ተሻግሮ፣ ለዐፄ ምኒልክ አውቶሞቢል ያደረሰው በ1900 ዓ.ም. ነው። የቆላው ሰው ባቡሩንም አውቶሞቢሉንም በቅርብ ያያል እንጂ መሪውን አይጨብጥም ነበር፤ ሞተር በምድሩ ላይ የሚያልፍ የሌላ ሰው ነገር ሆኖ ብዙ ዘመን ቆየ።

በቅጡ ያልተያዘ ሞተር ምን እንደሚያደርስ ግን አዋሽ ከማንኛውም ከተማ ይልቅ ታውቃለች። በጥር 1977 ዓ.ም. ከድሬዳዋ ወደ አዲስ አበባ ይጓዝ የነበረው ባቡር፣ ከከተማዋ አጠገብ ካለው ጠማማ ድልድይ ሲደርስ መቀነስ የሚገባውን ፍጥነት ሳይቀንስ በመግባቱ፣ ፉርጎዎቹ ከሐዲዱ ወጥተው ወደ ገደሉ ወረዱ፤ ከ400 በላይ የሚሆን ሰውም በአንድ ቅጽበት አለቀ። በአፍሪካ የባቡር ታሪክ እጅግ የከፋው አደጋ ይህ ነው። በዚያ ባቡር ውስጥ ሕፃን የታቀፉ እናቶች፣ ለንግድ የሚሄዱ ሰዎች፣ ከረኀብ ሸሽተው የሚጓዙ ምስኪኖች እንዳሉበት የዘመኑን ሁኔታ የሚያስታውስ ሁሉ ይረዳዋል። የዚያ ሁሉ ነፍስ መጥፋት ምክንያቱ ከኩርባ በፊት ፍጥነትን መቀነስ የሚባለው፣ ማንኛውም የዶቅዶቄ ተማሪ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚማረው ሥርዓት አለመፈጸሙ ነው። ስለዚህ በአዋሽ ከተማ ለወጣት መንዳት የሚያስተምር መምህር ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም፤ ደቀ መዝሙሩን ወደ ድልድዩ ወስዶ ቢያሳየው ይበቃል።

የሸለቆው ሁለተኛ ዕድል የአሰብ መንገድ ነው። የጣሊያን ጦር በ1928 ዓ.ም. ከአሰብ ተነሥቶ ሰርዶን ከያዘ በኋላ፣ በወረራው ዘመን ከአሰብ ወደ ደሴ የተዘረጋው ጎዳና፣ በ1943 ዓ.ም. በተቋቋመው የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን እጅ ገብቶ የአገሪቱ ታላቅ የንግድ መሥመር ሆነ። ከአዋሽ በገዋኔ አድርጎ ወደ ሚሌ የሚወጣው ጎዳና በኋላ ሲጨመር፣ ሁለቱ መሥመሮች ተገናኝተው ዛሬ ከአዋሽ ተነሥቶ ሰመራን አልፎ ወደ ጋላፊ የሚወርደውን አስፋልት አስገኙ። እስከ 1956 ዓ.ም. ድረስ በአገራችን ይነዳ የነበረው በመንገዱ ግራ በኩል ነበር፤ በዚያው ዓመት ሰኔ 1፣ ሁሉም ወደ ቀኝ እንዲዞር የታዘዘበት ዕለት፣ ለዓመታት እጁ የለመደውን ሾፌር ሁሉ እንደ ጀማሪ ያስተማረ ቀን ነበር።

በዚያ ዘመን ሾፌርነት የሚገኘው በረዳትነት ነበር። ልጁ ከጭነት መኪና ላይ ወጥቶ ጎማ እየለወጠ፣ ውሃ እየቀዳ፣ በዳገት ታኮ እያስገባ፣ ሌሊት ጭነት እየጠበቀ ብዙ ዓመት ካገለገለ በኋላ፣ ጌታው ደስ ባለው ቀን፣ ሜዳ በሆነ ቦታ፣ መሪውን ለጥቂት ጊዜ ያስይዘዋል። የመንገድ ማመላለሻን ለመቆጣጠር በወጣው በአዋጅ ቁጥር 256/1960 ሥር በቆየው አሠራር መንጃ ፈቃድ በአምስት ደረጃ የተከፈለ ነበር፤ ሞተር ሳይክል በአንደኛው፣ ተሳቢ የሚጎትት ከባድ መኪና በአምስተኛው ነበረ። በአሰብ መንገድ ላይ አምስተኛ የያዘ ሰው በየቡና ቤቱ የሚከበር፣ ሲናገር የሚደመጥ፣ ባለ መዓርግ ሰው ነበር። አንደኛውን ግን እንደ ቁም ነገር የሚቆጥረው አልነበረም። ይህ ንቀት እስከ ዛሬ ያልለቀቀን ይመስለኛል፤ መሣሪያው ትንሽ ስለ ሆነ ትምህርቱም ትንሽ መስሎ ይታየናል፤ ነገር ግን በአራት ጎማ ላይ የተቀመጠ ሰው ሲያጠፋ ብረት ይጋርደዋል፤ በሁለት ጎማ ላይ የተቀመጠው የሚጋርደው ምንም የለም።

በግንቦት 1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት በተነሣ ጊዜ የአሰብ ወደብ ተዘጋ፤ የአገሪቱም ገቢና ወጪ ንግድ አብዛኛው ወደ ጅቡቲ ዞረ። ቀድሞ ለአሰብ ያገለግል የነበረው ጎዳና ለጅቡቲ ማገልገል ጀመረ፤ የጭነት መኪናዎቹም ብዛት ከዓመት ወደ ዓመት ጨመረ። የአፋር ክልል መንግሥት መቀመጫውን ከጥንታዊቱ የሱልጣኖች ከተማ ከአሳይታ አንሥቶ፣ በዚሁ ጎዳና ዳር ባዶ በነበረው ሜዳ ላይ ወደ ቆረቆራት ወደ ሰመራ አዛወረ። በከተማዋም ዩኒቨርሲቲ ተተከለ፤ ቢሮና ገበያ፣ የተማሪ መኖሪያና ሆስፒታል በሎግያ፣ በሰመራና በዱብቲ መካከል ተበተነ፤ ፀሐይዋ ከ40 ዲግሪ በላይ በምታቃጥልበት ምድርም ይህን ርቀት በእግር መሄድ የማይቻል ሆነ። ከሕንድና ከቻይና የሚመጣው ባጃጅና ዶቅዶቄ ወደ ሸለቆው ልብ የገባው በዚህ ምክንያት ነው። የጤና ሠራተኛው ክትባት ይዞ፣ የእንስሳት ሐኪሙ መድኃኒት ይዞ፣ ነጋዴው ጫት ወይም ዱቄት ጭኖ፣ መኪና ከማይገባበት መንደር የሚደርሰው በዚህ ነው። ከሁሉም የሚበልጠው ግን ይህ ነው፤ ባቡሩም ተሳቢውም የሌላ አገር ሰው ይዞት የሚያልፍ ነበር፤ ዶቅዶቄ የአርብቶ አደሩ ልጅ ራሱ ገዝቶ ራሱ የሚይዘው የመጀመሪያው ሞተር ሆነ።

መያዙ ግን ቀላል አይደለም። ጀማሪው ከሁሉ አስቀድሞ የሚታገለው ከፍሪሲዮን ጋር ነው፤ በግራ እጁ ጨብጦ፣ በግራ እግሩ አንደኛ ማርሽ አስገብቶ፣ በቀኝ እጁ ነዳጅ በጥቂቱ እየሰጠ ግራ እጁን ቀስ ብሎ መልቀቅን እስኪለምድ ድረስ፣ ሞተሩ ወይ ይጠፋበታል፣ ወይ ከሥሩ ዘሎ ይወጣበታል። ቀጥሎ ፍሬን ይመጣል፤ የፊተኛው በቀኝ እጅ፣ የኋለኛው በቀኝ እግር የሚያዝ ሲሆን፣ በአስፋልት ላይ አብዛኛውን ኃይል የሚሸከመው የፊተኛው ነው፤ በአሸዋ ላይ ግን ያንኑ የፊተኛውን በድንገት የጨበጠ ሰው ወዲያው ይወድቃል። ይህ ልዩነት በሸለቆው የሞትና የሕይወት ልዩነት ነው፤ ምክንያቱም ከአስፋልቱ ሁለት እርምጃ ወጣ ቢሉ ያለው አሸዋና ጠጠር ነውና። በዚህም ላይ አቧራ አንሥቶ የሚዞረው ዐውሎ ነፋስ አለ፤ ከጎን የሚያልፈው ተሳቢ የሚያስነሣው የነፋስ ግፊት አለ፤ በመካከለኛው አዋሽ ተዘርቶ ሸለቆውን ሁሉ የወረሰው የፕሮሶፒስ ቁጥቋጦ እሾህም ጎማን ይበሳል። በማለዳና በምሽት ደግሞ ግመልና ፍየል ወደ ውሃ ሲወርዱ መንገዱን ያቋርጣሉ፤ መንጋው ሲሻገር አንዱ ካለፈ ሌላው ተከትሎ እንደሚመጣ የእረኛ ልጅ ከሕፃንነቱ የሚያውቀው ነገር ነው። ይህን በማወቁ የአፋር ወጣት ከከተማ ተማሪ ይልቅ ብልጫ አለው፤ መምህሩ ሊያከብርለትና ሊጠቀምበት የሚገባ ብልጫ ነው።

ሕጉም በዚህ ዘመን ተለውጧል። በአዋጅ ቁጥር 600/2000 የቀድሞዎቹ አምስት ደረጃዎች ቀርተው ፈቃዱ በተሽከርካሪው ዓይነት ተከፋፈለ፤ ሞተር ሳይክልና ባለ ሦስት እግር ተሽከርካሪ እያንዳንዳቸው የራሳቸው ምድብ አገኙ፤ ትምህርቱም በዘመድና በጓደኛ መስጠቱ ቀርቶ ፈቃድ ባላቸው ማሠልጠኛ ተቋማት፣ በቃልና በተግባር እንዲሰጥ ሆነ። አዋጅ ቁጥር 1074/2010 ይህን ተክቶ አጠበቀው። የትራፊክ ቁጥጥር ደንብ ቁጥር 208/2003 ሞተር ሳይክል የሚነዳ ሰው የራስ መከላከያ ቆብ እንዲያደርግ አዘዘ፤ በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ደግሞ የሦስተኛ ወገን መድን ለማንኛውም ተሽከርካሪ ግዴታ ሆኖ ጸና። ሕጉ በወረቀት ሲነበብ የሚጎድለው ብዙ አይደለም። ነገር ግን በ2009 እና በ2010 ዓ.ም. በአገሪቱ መንገዶች ላይ በየዓመቱ ከ4,000 የሚበልጥ ሰው ሞቷል፤ ከሕጉና ከመንገዱ መካከል የጎደለ አንድ ነገር እንዳለ ከዚህ የሚበልጥ ምስክር አያስፈልግም።

በአፋር ምድር የጎደለው ምን እንደ ሆነ እኔ እንደማየው ልናገር። አፋር መዳዓ የሚባል የልማድ ሕግ አለው፤ ነገር ሲነሣ ሽማግሌዎች ከዛፍ ጥላ ሥር ማብሎ በሚባለው ሸንጎ ተቀምጠው፣ የበዳይንም የተበዳይንም ቃል ሰምተው፣ ቀድሞ ከተፈረደው ጋር አመሳክረው ይፈርዳሉ። በዚህ ሕግ ነፍስ ያጠፋ ወይም አካል ያጎደለ ሰው ዕዳውን ብቻውን አይከፍልም፤ ካሣውን የሚያዋጣው ጎሣው ነው፤ ግመሉን የሚሰጠው አጎቱ፣ የአጎቱ ልጅ፣ ከእርሱ ጋር በሥጋ የተሳሰረው ሁሉ ነው። በሌላው አገር ቢሆን ፈቃድ ሳይኖረው ዶቅዶቄ የያዘ ልጅ የሚያጠፋው በራሱ ላይና በገጨው ሰው ላይ ብቻ ነው ይባል ይሆናል፤ በአፋር ግን የሚጫወተው በጎሣው ሁሉ ከብት፣ ይልቁንም በጎሣው ሰላም ነው፤ ፍሬን ሳይያዝባት የቀረች አንዲት ኩርባ በሁለት ጎሣ መካከል ለዓመታት የማይሽር ቂም ልታመጣ ትችላለችና።

እንግዲህ የጥንቱ የመንገድ ዋስ ዛሬም አለ ማለት ነው፤ ሳይጠየቅ ዋስ ሆኖ ተቀምጧል። የመንግሥት ቢሮ ፈቃዱን ይሰጣል፤ ወላጅ ወይም ወንድም ዶቅዶቄውን ይገዛል፤ ሲያጠፋ ግን ጎሣው ይከፍላል። ፈተናውን ማለፍ አለማለፉን፣ ቆብ ማድረግ አለማድረጉን፣ መድን መግባት አለመግባቱን ከማንም ይልቅ ሊጠይቅ የሚገባው ይህ ያልተጠየቀ ዋስ ነው። ሥልጣንም አያጣም፤ በእያንዳንዱ ጎሣ ውስጥ ፊማ የሚባለው የእኩዮች ማኅበር አባ በሚባለው አለቃው መሪነት ጥፋተኛ አባሉን ይቀጣል፣ የሽማግሌዎችንም ፍርድ ያስፈጽማል። ከትራፊክ ፖሊስ የሚሸሽ ወጣት በሸለቆው አይታጣም፤ ከፊማው የሚሸሽ ግን የት ይገባል?

ምስክርነት መቀበልም በዚህ አገር አዲስ ነገር አይደለም፤ በደጋው የቤተ ክርስቲያን ትምህርት የዜማውን መጽሐፍ ድጓን በመማር ዓመታት የፈጀ ተማሪ፣ ከመምህሩ የተቀበለውን ሁሉ በቃሉ ቢይዝ እንኳ፣ ጋይንት ወርዶ በቤተ ልሔም ሊቃውንት ፊት ሳያስመሰክር የድጓ መምህር ተብሎ ወንበር አይዘረጋም፤ በቆላው የቁርኣን ትምህርትም ተማሪው ከሸኹ የማስተማር ፈቃድ የሆነውን ኢጃዛ ሳይቀበል አያስተምርም። በሁለቱም ሥርዓት ምስክርነቱ የሚሰጠው ለተማሪው ብቻ አይደለም፤ ከእርሱ በኋላ ለሚማረው፣ በእርሱ ለሚታመነው ሕዝብ ጭምር ነው። ስለ መንጃ ፈቃድም በሸለቆው እንዲህ ተብሎ ቢነገር ሰሚ ያገኛል፤ ነገሩ ለአድማጩ እንግዳ አይሆንበትም። ፈቃድ የሚያስፈልገው መንግሥት ስላዘዘ ብቻ ነው የሚለው ስብከት ግን ሲሰማ ኖሮ ብዙ ፍሬ አላፈራም።

በ2011 ዓ.ም. የአዲስ አበባ አስተዳደር ወንጀል በዝቶበታል በማለት በከተማዋ የሞተር ሳይክል እንቅስቃሴ ላይ እገዳ ጥሎ፣ በኋላ በልዩ ፈቃድ እንዲሠራበት አድርጓል። ለታላቅ ከተማ፣ አውቶቡስና ታክሲ ላለው ሕዝብ፣ ምናልባት ይህ መንገድ ይቻል ይሆናል። ለሰመራና ለአዋሽ ግን አይሆንም። ዶቅዶቄ ቢከለከል ክትባቱ ከመንደሩ አይደርስም፤ ምጥ የያዛት ሴት ዜናዋ በጊዜ አይሰማም። በአፋር ልማድ መንገደኞች ሲገናኙ ቆመው ዳጉ የሚባለውን ወሬ ይለዋወጣሉ፤ ከየት እንደ መጡ፣ ዝናቡ የት እንደ ጣለ፣ ማን እንደ ታመመ፣ የጠፋ ግመል የት እንደ ታየ ይጠያየቃሉ። ሞተር የያዘውም ከእግረኛው ፊት ሞተሩን አጥፍቶ ሊወርድ ይገባዋል። ዛሬ ከሩቅ መንደር ወሬ የሚያደርሰው ብዙ ጊዜ ይኸው ባለ ዶቅዶቄ ነው። ስለዚህ ያለው መንገድ ማስተማር ብቻ ነው።

ለክልሉ የትራንስፖርት ቢሮና ለማሠልጠኛ ተቋማቱ የማቀርበው ልመና ሁለት ነው። ትምህርቱ በአማርኛ ለሚሰሙት በአማርኛ፣ በአፋርኛ ለሚያስቡት በአፋርኛ ይሰጥ፤ ስለ አሸዋ፣ ስለ ተሳቢ ነፋስና ስለ መንጋ የሚናገር ክፍልም ይጨመርበት። ዳግመኛም ተማሪው ለተግባር ፈተና በሚቀርብበት ቀን ከጎሣው አንድ ሽማግሌና የፊማው አባ በምስክርነት ይቁሙ፤ ቢወድቅ ለምን እንደ ወደቀ ይስሙ፤ ቢያልፍ ዋስትናቸውን አውቀው ይቀበሉ። ለጎሣ ሽማግሌዎች የምለው፣ ካሣ የምትከፍሉ እናንተ ናችሁና ዶቅዶቄ የገዛውን ልጃችሁን መንጃ ፈቃዱንና ቆቡን አሳየን በሉት። አንተም ወንድሜ፣ ፈቃዱን ሳትይዝ ሞተሩን አታስነሣ።